ሰባት ጊዜ የታጠበ እጅ

ተገላገለች! አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተገላገለች! አራት ናቸው፤ አራቱም በሕይወት አሉ። ሁለቱ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው፣ አንዱ ጥቁር ነው፣ አንደኛዋ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እናትየውም ደህና ናት፤ በልታለች፣ ጠጥታለች። ይህ ወሬ ዛሬ ረፋድ ላይ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሲደርስ፣ በርበሬ የምትሰፍረዋ ሴትዮ ጣሳዋን ጥላ እልል ብላለች። የማን ሚስት፣ የማን ልጅ ብሎ የጠየቀ የለም። ኋላ "አራት" የሚለው ነገር ሲብላላ ነው ሰው እርስ በርሱ መተያየት የጀመረው።

እንግዲህ አትቆጡኝ፤ የወለደችው ውሻ ናት። ግን ምን ዓይነት ውሻ! ከሐርቡ በላይ፣ ከተረተሩ ላይ በግ የሚያረቡት የአያ ዘይኑልአቢዲን ዳለቻ ናት። የለም፣ ይህንንም ተሳስቻለሁ። አያ ዘይኑ ቢሰሙኝ ያርሙኛል። እሷ የእሳቸው አይደለችም፤ የበጎቻቸው ናት።

አያ ዘይኑ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ ወደ ቀኝ ትንሽ የሚያጋድሉ ሰው ናቸው። ማጋደላቸው ከምንሽር ጠመንጃቸው የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት በቀኝ ትከሻቸው አንግተውት ኖረው፣ ከአብዮቱ ወዲህ መሣሪያ ይሰብሰብ ሲባል ወርደው አስረከቡት። በምትኩ ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱን ባለቤታቸው ሳፊያ በጨርቅ ጠቅልላ ከሳጥን ሥር አኖረችው። ጅብ ግን ወረቀት አያነብም። ከዚያ በኋላ በተረተሩ ላይ በበግና በጅብ መካከል የቀረው ነገር ውሻ ብቻ ሆነ።

የውሻ አስተዳደጋቸው ከአያታቸው የወረደ ነው። ቡችላዋ ዓይኗን በገለጠች ሳምንት ከእናቷ ትለይና በረት ትገባለች። ግልገሏ የሞተባት በግ ትፈለጋለች። ቡችላዋ በጨርቅ ተይዛ በዚያችው በግ ጠጉር ትታሽና ከጡቷ ሥር ትደረጋለች። ከዚያ ወዲያ ሰው አይነካትም። ልጅ አይጫወትባትም፤ የሚያፏጭላት፣ የሚያሻሻት የለም። ምግቧ ከተሰበረ እንስራ ገል ላይ ይፈስላታል። ገሉም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ ከበረቱ በር በስተግራ። ከዚያ ገል ላይ ያልቀረበላትን አትበላም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው።

"እጄን ከለመደች እኔ ገበያ ስወርድ ተከትላኝ ትወርዳለች" ይላሉ አያ ዘይኑ ሲጠየቁ። "በጎቹን ለማን ትታ?"

ደግሞም ሌላ ምክንያት አለ። ለመንጋ ጠባቂ የሚሆን ውሻ መያዝ በሃይማኖታቸው የተፈቀደ ነው። ምራቁ ግን ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ እጅ ከነካ እጁ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር። በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግድ ሰው፣ ያውም ውሃ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ተወርዶ በሚቀዳበት ቦታ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እናም አያ ዘይኑ ዳለቻን ስድስት ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ብቻ አሳደጓት። የተረተሩ ሰው ይቀልድባቸዋል። በተለይ ጎረቤታቸው ሐዋ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነችው፣ "የአያ ዘይኑ በጎች ውሻ አላቸው፤ አያ ዘይኑ ግን ውሻ የላቸውም" ትላለች።

አምና በክረምት ጉም ተረተሩን በእኩለ ቀን ሸፍኖት ሳለ ነብር መጣ። አያ ዘይኑ ዱላቸውን ይዘው ጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ ምንም አይታያቸውም። የሚሰሙት የበጎቹን ኮቴ፣ ማጉረምረም፣ ከዚያ አንድ የሚዘገንን ጩኸት ነው። ወዴት እንደሚሮጡ እንኳ አላወቁም። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ከማለት ሌላ የሠሩት ነገር አልነበረም። ጉሙ ሲገለጥ በጎቹ ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ዳለቻ በዙሪያቸው ትዞራለች፤ ግራ ጆሮዋ ለሁለት ተተርትሮ ደሙ ይንጠባጠባል። አንድም በግ አልጎደለም። አያ ዘይኑ እጃቸውን ወደ ጆሮዋ ሰነዘሩ። ከዚያ መለሱት።

ዘንድሮ፣ በሰባ አራት፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩ የመጣው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። እሁድ ዕለት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጀላል ሕዝቡን ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ሜዳ ሰበሰበ። ጀላል ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አያ ዘይኑ ሲወለድ ያውቁታል።

"ሐሙስ ሐርቡ ላይ የውሻ ክትባት አለ" አለ ጀላል። "ውሻውን በገመድ አስሮ ያመጣ ይከተብለታል፤ አንገቱ ላይም ቆርቆሮ ይንጠለጠልለታል። በተከታዩ እሁድ ቆርቆሮ ለሌለው ውሻ ሁሉ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣላል። ሰው የነከሰ ውሻ ካለ ደግሞ ወዲያው ይነገር። ትእዛዝ ነው፤ ከላይ የመጣ ነው።"

"በገመድ?" አሉ አያ ዘይኑ።

"በገመድ።"

"ጀላል፣ ያቺን ውሻ ታውቃታለህ። ገመድ አታውቅም እኮ። እጅም አታውቅም።"

"አራት ቀን አለዎት፣ አያ ዘይኑ። ያላምዷታል።"

"ስድስት ዓመት ያልተነካችን በአራት ቀን!" አለች ሐዋ ከሴቶቹ መሐል። "አንተ ሚስትህን ለማላመድ ስንት ዓመት ፈጀብህ?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጀላልም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

"መንጋውን በሙሉ ይዤ ሐርቡ ብወርድስ?" አሉ አያ ዘይኑ። "በጎቹን ተከትላ ትወርዳለች።"

"ወርዳስ? መርፌው ሲወጋት ማን ይይዛታል?"

አያ ዘይኑ ዱላቸውን አንሥተው ወደ በረታቸው ተመለሱ።

ሰኞ ቀን ከገሉ አጠገብ የገመድ ሸምቀቆ ዘረጉ። ዳለቻ ሸምቀቆውን አሸተተች፤ ያን ቀን ጾሟን ዋለች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አያ ዘይኑ ሌላ ዘዴ አሰቡ። ገመዱን በኩታቸው ሥር ደብቀው በረት ገቡና ከበጎቹ መሐል ተቀመጡ። በጎቹ ያውቋቸዋል፤ መጥተው ከበቧቸው፣ ኩታቸውን አኘኩ። ዳለቻም በጎቹ ስለተረጋጉ ተጠጋች። ያኔ ነው ሆዷን ያዩት፤ ወርዷል፣ ጡቶቿ ቀልተዋል። እርጉዝ ናት።

ገመዱን ቀስ አድርገው በራሷ ላይ ሲያሳልፉ መዳፋቸው አንገቷ ላይ አረፈ። ጠጉሯ ከላይ ሻካራ ነው፤ ከሥር ግን እንደ ግልገል ሱፍ ለስላሳ ነበር። ሙቀቷ በመዳፋቸው ገባ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ለአንድ አፍታ እሷም ፀጥ አለች፤ እሳቸውም የመጡበትን ረሱ። ከዚያ ገመዱ ጠበቀ፤ በጎቹ ደነበሩ፤ ዳለቻ ዞር ብላ ክንዳቸውን ነከሰች። ወዲያውም ለቀቀች። የሠራችው ነገር ያሳፈራት ይመስል ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ በጎቹ መሐል ገባች።

አያ ዘይኑ ደሙን ሳይሆን ያዩት የክንዳቸውን እርጥበት ነበር። ሰው የነከሰ ውሻ ወዲያው ይነገር ተብሏል። እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ። ለሳፊያ እንኳ አልነገሩም። እስከ ሐሙስ ሌላ ዘዴ አላጣም ብለው ተጽናኑ።

ነገር ግን የዙህር ሶላት ደረሰ።

እንዲህ ሆነው መስገድ አይችሉም። ሰው ባያይ አላህ ያያል። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቀው፣ ፀሐይ አናት ስትሆን ወደ ምንጩ ወረዱ። ማንም የለም። አጎንብሰው ከጥጉ አፈር ዘገኑ፤ በውሃ ለውሰው ክንዳቸውን አሹት፤ ቁስሉ አቃጠላቸው። ከዚያ በውሃ፣ እየቆጠሩ፣ ቀስ እያሉ።

"አምስት" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ። "ስድስት። አንድ ይቀርዎታል፣ አያ ዘይኑ።"

ሐዋ ናት፤ እንስራዋን አዝላ ከድንጋዩ ላይ ቆማለች።

"እጄ... እጄ ቆሽሾ ነው" አሉ።

"ጭቃን በጭቃ ያጥባሉ? ማን ላሰዎት?"

"ሂጂ ውሃሽን ቅጂ፣ አንቺ ሴት።"

"በቅድሚያ ክንድዎን ያሳዩኝ።" ወርዳ መጣች። ከአፈሩ ጋር የቀላ ውሃ ከክርናቸው ሲንጠባጠብ አየች። ቀልዷ ሁሉ ከፊቷ ወረደ። "ወይኔ፣ አያ ዘይኑ! ነከሰችዎት?"

"ሐዋ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። አላበደችም። ገመድ ስላገባሁባት ነው። እርጉዝም ናት። እስከ ሐሙስ ብቻ ዝም በይልኝ።"

ሐዋ እንስራዋን አወረደችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። "የወንድሜን ልጅ ረሱት?" አለች። "ያን ጊዜም ትንሽ ጭረት ናት፣ ምንም አይደል ተባለ። በአርባ ቀኑ ውሃ ስናቀርብለት ሲጮህ እርስዎም ሰምተዋል። እስከ ቤትዎ ይሰማ ነበር።"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያ ዝም በይ አይበሉኝ። ይጥሉኝ፣ ይርገሙኝ፤ ዝም አልልም።"

ሰባተኛውን ታጠቡ። ሌላ ምን ያደርጋሉ? ሐዋን ይዘው አያስቀሯት ነገር። ክንዳቸው ንጹሕ ሆኖ ሰገዱ፤ ያ ንጽሕና ግን ዳለቻን አሳልፎ ሰጥቷት ነበር። የምሽቱ መግሪብ ሶላት ሳይደርስ ጀላል ከበራቸው ቆመ። ከእሱም ጋር ውሻ ሲቆጥር የሰነበተው የእንስሳት ሐኪም ረዳት ደምመላሽ አብሮ ነበር፤ ከኮምቦልቻ የመጣ ወጣት፣ ጫማው በአቧራ የነጣ።

"አያ ዘይኑ፣ ነክሳዎታለች?" አለ ጀላል።

"ማን አለ?"

"ማንም ይበል። ወላሂ አልነከሰችኝም ይበሉኝና ተመልሼ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው አልጠይቅም።"

ጀላል ይህን ያለው ሊረዳቸው ይሁን ሊያጠምዳቸው፣ አያ ዘይኑ እስከ ዛሬ አያውቁም። ሳፊያ ከጓዳ ወጥታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታያቸዋለች። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"አባቴ፣ ደንቡ እንዲህ ነው" አለ ደምመላሽ፣ ክንዳቸውን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ እያየ። "እርስዎ ነገውኑ ደሴ ሄደው ሆድዎ ላይ መርፌ ይወጋሉ፤ ሃያ አንድ ቀን። ውሻዋ ደግሞ ታስራ አሥር ቀን ትጠበቃለች። አብዳ ከሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ትሞታለች። ካልሞተች ጤነኛ ናት፤ እርስዎም መርፌውን ያቆማሉ።"

"ማን ያስራታል?" አሉ አያ ዘይኑ። "እኔው ነኝ የሞከርኩት።"

"ካልታሰረች መገደል ነው ያለባት።"

"በረቱ ይዘጋ። ከበጎቹ ጋር ትዘጋ። በጎቹ ካልወጡ እሷ ብትሞት አትወጣም።"

"በጎቹን ብትነክስስ?"

"ልጄ፣ አብዳ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እነሱን ጨርሳ ነበር።"

ደምመላሽ ጀላልን አየው። ጀላል መሬት መሬት ያያል። "ይዘጋ" አለ በመጨረሻ። "ግን አያ ዘይኑ፣ እሁድ ሥጋውን የሚጥሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔን አያውቁኝም፣ እርስዎንም አያውቁም። ቆርቆሮ ነው የሚያዩት። ቃል አልገባልዎትም።"

በማግስቱ አያ ዘይኑ የበረቱን በር በእሾህ ዘጉ። ሳፊያ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር።

"አሥራ ዘጠኝ በግ ዘግቼ አሥር ቀን ምን ልቀልባቸው?" አለች። "በየካቲት? ሣሩ የት አለ?"

"አላህ ያውቃል።"

"እሱማ ያውቃል። እርስዎስ?"

"ገሉን ከቦታው እንዳታነሺው" አሉ ብቻ። "በአጥሩ ሥር አሳልፊላት። እጅሽን እንዳትሰጫት።"

ዳለቻ በእሾሁ መሐል ታያቸዋለች። ሐርቡ ወርደው የጭነት መኪና ላይ እስኪሳፈሩ ድረስ ያቺን ዓይን ከጀርባቸው ላይ ማውረድ አቃታቸው።

ደሴ ታናሽ እኅታቸው ሰብሪያ አለች። ቤቷ ሆጤ ሰፈር ነው፤ ሰኞ ገበያ መደብ ዘርግታ ጨውና ቅመም ትሸጣለች። "ወንድምዓለም፣ ሰው ለውሻ ብሎ ክንዱን ይሰጣል?" ብላ እየተቆጣች አልጋዋን ለቀቀችላቸው። ጎረቤቷ ረሂማ፣ ከቤቱ በር አጠገብ ሱቅ ያላት፣ በየማታው ሆዳቸው ላይ የሚያደርጉት የሞቀ ፎጣ ይዛላቸው ትመጣለች። አንድ ቀን አያ ዘይኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲለማመኑ ሰማቻቸውና ሳቀች።

"አያ ዘይኑ፣ ለውሻ ዱዓ ይደረጋል እንዴ?"

"ለበጎቹ ነው" አሉ አፍረው።

"እንዲያማ ከሆነ እኔም ለበጎቹ አደርጋለሁ" አለች።

ከሐሙስ ጀምሮ በየጠዋቱ ሆስፒታል ይሰለፋሉ። መርፌው ወፍራም ነው፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። እሱን ቻሉት። ያልቻሉት የነርሷን ጥያቄ ነበር። መርፌውን እያዘጋጀች ቀና ሳትል፣ "ውሻዋስ አለች?" ትላለች በየቀኑ።

"አላህ ያውቃል።"

"አሥር ቀን ካለፋት ያርፋሉ። ከሞተች ግን ሃያ አንዱንም ነው፤ ከዚያም..." ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጨርሰውም።

ከመርፌው መልስ የሰብሪያ መደብ ላይ፣ ከጨው ጆንያ ጎን ይቀመጣሉ። ከሐርቡ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። በመጀመሪያው ሰኞ፣ መርፌው አምስት ሲሞላ፣ ሽንኩርት የሚያመላልሰው ባሽር መጣ። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁን ያዙት።

"እሁድ ጥለዋል?"

"ጥለዋል፣ አያ ዘይኑ።" ባሽር ቆቡን አወለቀ። "አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ከመንገዱ ዳር ብቻ። ሐሙስ ክትባቱ ለእኩሌታው ውሻ እንኳ ሳይደርስ አለቀ፤ በገመድ ጎትቶ የወሰደውም ሁሉ ሳያስከትብ ተመለሰ። ብዙዎቹ ገመዱ አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው የወደቁት።"

"የእኔ... የበጎቹን አየሃት?"

"ተረተሩ ላይ አልወጣሁም። እርስዎን መዋሸት አልፈልግም።"

ሰብሪያ ለደንበኛ ትሰፍረው የነበረውን ጨው ጆንያው ላይ መልሳ ደፋችው። አያ ዘይኑ የባሽርን እጅ ለቀቁት። ሐሳባቸው ግን እዚያው ይዞርና ይዞር ነበር። ስድስት ዓመት ስላልነኳት ማሰር አቃታቸው። ታስራ ቢሆንስ? ገመዷን እንዳጠለቀች ትሞት ነበር። ቢነግሩ ትሞታለች፤ ባይነግሩ ትሞታለች። እጃቸውን አገላብጠው ያዩታል፤ ያን የአንገቷን ሙቀት ሰባቱም እጥበት አላወጣውም።

ሐሙስ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ውሻ የሌለ መሆኑን ጅቡ አወቀ፤ ፀሐይ ሳትገባ መንደር ይገባል። የጀላልን ጥጃ ከደጁ ወሰደ። ጀላል ድንጋይ እየወረወረ ተከተለው፤ ጅቡ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ይህን ያወራው ሰው ሳቀ፤ አያ ዘይኑ አልሳቁም። ያን ወጣት ከጥጃው ጭራ ኋላ ባዶ እጁን ሲሮጥ አዩት፤ አምና ጉሙ ውስጥ የቆሙትን ራሳቸውን መሰላቸው።

ዓርብ አሥረኛው ቀን አለፈ። ወሬ የለም። ቅዳሜ የለም። እሁድ ነርሷ "ውሻዋስ?" ስትል አያ ዘይኑ ግድግዳውን አዩ።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለተኛውን ተወግተው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው መደቡ ላይ ደረሱ። ገና ሳይቀመጡ ከሽንኩርቱ መኪና ላይ አንዲት ሴት ዘላ ወረደች። ነጠላዋ በአቧራ ቀልቷል፤ እጆቿ በእሾህ ተቧጥረዋል።

"ተገላገለች!" ብላ ጮኸች ከሩቁ። "አያ ዘይኑ፣ ተገላገለች!"

ሐዋ ናት። አያ ዘይኑ የጨው ጆንያውን ይዘው ቆሙ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል? እኔ ልወልድ ነው በዚህ ዕድሜዬ? ዳለቻ ናት! ቅዳሜ ጠዋት፣ በበረቱ ውስጥ፣ ከበጎቹ መሐል! አራት!"

"በሕይወት?"

"ወላሂ በሕይወት! ያን ሥጋ የሚጣልበት እሁድ ለታ መጡ፤ ሁለት ናቸው፣ ሳፊያ ብትለምናቸው አልሰሟትም። ቆርቆሮ የታለ አሉና ሥጋውን በአጥሩ ላይ አሻግረው ጣሉት። እኛ ከውጭ ቆመን እናያለን። ሳፊያ እሾሁን ልትንደው ስትል እጇን ያዝኩት፤ በሩ ቢከፈት በጎቹ ይወጣሉ፣ እሷም ትወጣለች፣ ውጭው ደግሞ ሥጋ በሥጋ ነው። ምን እናድርግ? ቆመን አለቀስን። ዳለቻ መጣች፤ አሸተተችው።"

"እ?"

"አልበላችውም! ገሏ ላይ አይደለማ! በአፍንጫዋ አፈር እየገፋች ሸፈነችውና ተመልሳ ከበጎቹ መሐል ተኛች። እኔ የርስዎን ነገር ሁሉ ስቀልድበት የኖርኩ ሴት፣ ያን ጊዜ ያን ገል ብስመው በወደድኩ።"

አያ ዘይኑ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጉ። "በጎቹስ? ሣሩን ከየት አመጣችሁት?"

ሐዋ የተቧጠሩ እጆቿን ዘረጋች። "ከገደል። እኔና ሳፊያ፣ በየቀኑ። ሁለቱ ከስተው ሞቱብን፤ አሥራ ሰባቱ አሉ። እኔ ነኝ የነገርኩብዎ፤ ታዲያ ማን ሊያጭድልዎ ኖሯል?"

"አልረገምኩሽም፣ ሐዋ።"

"አውቃለሁ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።"

ገበያው በሙሉ ዙሪያቸውን ቆሟል። ሰብሪያ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ጨው በነጻ ትሰጣለች። በርበሬ ሰፋሪዋ እልልታዋን የጀመረችው ያኔ ነው። ሐዋ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በተረተሩ ላይ የቀረችው ውሻ እሷ ብቻ ናት፣ አያ ዘይኑ። እናም ሰው ሁሉ ከአራቱ አንዱን ይፈልጋል። ጀላልም ልኮኛል። ግን ክትባቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ቆርቆሮ ሳይኖራቸው ደግሞ ሥጋ ጣዮቹ ቢመጡስ?"

አያ ዘይኑ ቀስ ብለው ጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ ያን ክንዳቸውን ተመለከቱት። ቁስሉ ጠግጓል፤ አራት ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርቷል።

"ዓይናቸው ተገልጧል?" አሉ።

"ገና ነው። ሁለት ቀናቸው እኮ ነው።"

"እንግዲያ እደርሳለሁ።" ተነሡ። "ነገ ነርሷ ስትጠይቀኝ አለች እላታለሁ፤ ነገውኑ እወርዳለሁ። ከዓይናቸው መገለጥ ጀምሮ አራቱንም በየቀኑ አንድ ጊዜ በእጄ እይዛቸዋለሁ፤ ገመድም አሳያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ለበጎቹ እመልሳቸዋለሁ።"

"በየቀኑ?" አለች ሐዋ። "ውሃውስ፣ አያ ዘይኑ? ሰባት ጊዜ እኮ ነው!"

"አንቺ ቁጠሪልኛ" አሉ።

ሐዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚሁ ገበያ ውስጥ፣ የሰብሪያን ጨው ሚዛን ገፋ አድርጌ ነው። ቆይ ግን! ረሂማ አልሰማችም! ለበጎቹ ስትለማመን የሰነበተችው ረሂማ፣ ዛሬም ፎጣ ልታሞቅ ውሃ ጥዳ ይሆናል እኮ! ሰብሪያ ሳትቀድመኝ ሆጤ ልድረስ፤ እስክሪብቶዬን የት አደረግሁት፣ ይቅር፣ ልሂድ...